ሺማኖ ከስራም ይገጥማል ወይ? የብስክሌት ማርሽ ዕቃ ለምትቀላቅሉ የባሕር ዳር ሰዎች የንጽጽር መመሪያ

ካምቢዮው፣ ኋላ ላይ ማርሹን የሚቀይረው ዕቃ፣ ተሰብሯል። መሪው ላይ ያለው መቀየሪያ ሺማኖ ይላል። ሱቅ ውስጥ የተገኘው ካምቢዮ ግን የሌላ ድርጅት ነው። ባለሱቁ «ይገጥማል፣ አታስብ» ይላል። ጠጋኙ ደግሞ «ኦርጅናሉ ካልመጣ እጄን አላስገባም» ይላል። ገዢው ብሩን ይዞ መሀል ላይ ግራ ገብቶት ይቆማል።

ይህን የምጽፈው ለዚያ ሰው ነው። ባሕር ዳር ውስጥ ብስክሌት የእረፍት ቀን መዝናኛ ብቻ አይደለም። ከሽምብጥ ፔዳ ድረስ ለትምህርት የሚመላለስበት አለ። ዕቃ ጭኖ ገበያ የሚሄድበት አለ። ልጁን ከኋላ አስቀምጦ ትምህርት ቤት የሚያደርስበት አለ። እዚህ የሚገኘው መለዋወጫ ደግሞ ዝብርቅርቅ ነው። አንዱ ሱቅ አዲስ የቻይና ዕቃ ይዟል፤ ሌላው ከውጭ ከገባ ያገለገለ ብስክሌት የተፈታ ይሸጣል። ስለዚህ መቀላቀላችን አይቀርም። የቱን ከየቱ ጋር እንደምንቀላቅል ማወቅ ይሻላል።

በእኔ እምነት ብር የሚያስበላው ስም እያዩ መግዛት ነው። የሚገጥመውን ከማይገጥመው የሚለየው ሚሊሜትር ነው። ስሙ አይደለም።

በአጠራር እንግባባ። መሪው ላይ በአውራ ጣት የምንገፋውን ወይም በእጅ የምናሽከረክረውን መቀየሪያ እላለሁ። ኋላ ተንጠልጥሎ ካቴናውን ከጥርስ ወደ ጥርስ የሚገፋው ካምቢዮ ነው። ኋላ ጎማ ላይ የተደረደሩት የኋላ ጥርስ፣ ፔዳሉ ጋር ያሉት የፊት ጥርስ ናቸው። «ባለ 21 ማርሽ» ሲባል ፊት 3፣ ኋላ 7 ማለት ነው። ባለ 24ቱ 3 በ8፣ ባለ 27ቱ 3 በ9 ነው። ከዚህ በኋላ «ባለ 7»፣ «ባለ 8» ስል የኋላውን ቁጥር ነው።

በምን እንመዝናቸው?

የመጀመሪያው መመዘኛ ልክ ነው። መቀየሪያው አንዴ ቀጭ ሲል ካቴናው አንድ ጥርስ በትክክል ይሻገራል ወይስ መሀል ላይ ይንጠለጠላል? ይህ ካልተሟላ የቀረውን ማየት ድካም ነው።

ሁለተኛው መገኘቱ ነው። ዛሬ የገዛችሁት ሲያልቅ ምትኩ ባሕር ዳር ውስጥ አለ? ከአዲስ አበባ በሰው የሚላክ ዕቃ ዋጋው ቢረክስም፣ እስኪደርስ ብስክሌቱ ቆሞ ይጠብቃል።

ሦስተኛው አቧራና ዝናብ ነው። በጋ ላይ የኮረኮንቹ አቧራ፣ ክረምት ላይ ጭቃው አለ። የካቴናና የጥርስ ዕድሜ የሚወሰነው በእነዚህ ነው። ጥርሱ በበዛና ካቴናው በቀጠነ ቁጥር ደግሞ ለቆሻሻ ያለው ትዕግሥት ይቀንሳል።

አራተኛው ተከትሎ የሚመጣው ወጪ ነው። ብቻውን የማይገዛ ዕቃ አለ። ካምቢዮው መቀየሪያውን ያስለውጣል። መቀየሪያው የኋላ ጥርሱን ያስለውጣል። የኋላ ጥርሱ ደግሞ ሞዞውን (ዘንጉ የሚያልፍበትን የጎማውን መሀል)፣ አንዳንዴም ሙሉ ቸርኬውን ይዞ ይሄዳል። ዋጋ ስትጠይቁ የዕቃውን ብቻ አትጠይቁ፤ የመጨረሻውን ድምር ጠይቁ።

የሰፈሩ ጠጋኝ መፍቻው አለው ወይ የሚለውም ትልቅ ነገር ነው። እሱን በየቦታው እያነሳሁት እሄዳለሁ።

ቀጭ ሲል ውስጡ ምን ይሆናል?

ይህን ክፍል ዘለል አታድርጉት። ቀሪው ሁሉ ከዚህ ነው የሚወጣው።

መቀየሪያው አንዴ ቀጭ ሲል የተወሰነ ርዝመት ያለው ሽቦ ይስባል። ካምቢዮው ያንን ርዝመት ተቀብሎ በራሱ ማባዣ አባዝቶ ወደ ጎን ይሄዳል። የሄደበት መጠን በሁለት ጥርሶች መካከል ካለው ርቀት ጋር እኩል መሆን አለበት። ሦስት ቁጥር ብቻ ነው፤ የሽቦው ስበት፣ የካምቢዮው ማባዣና የጥርሶቹ ርቀት።

የተለመደው የሺማኖ ባለ 7፣ 8 እና 9 ካምቢዮ ማባዣው 1.7 ገደማ ነው። ባለ 7 መቀየሪያው በአንድ ቀጭ 2.9 ሚሊሜትር ይስባል። 2.9 በ1.7 ሲባዛ 4.9 ይመጣል። የባለ 7 ጥርሶች ርቀት ደግሞ 5 ሚሊሜትር ነው። ገጠመ ማለት ነው። ባለ 8ቱ 2.8 ይስባል፣ ጥርሶቹ 4.8 ይራራቃሉ። ባለ 9ኙ 2.5 ይስባል፣ ጥርሶቹ 4.35 ይራራቃሉ።

የአሜሪካው ስራም ሌላ መንገድ መረጠ። «አንድ ለአንድ» በሚለው አሠራሩ የካምቢዮውን ማባዣ ወደ 1.1 አወረደና ሽቦውን ረዘም አድርጎ መሳብ ጀመረ። ባለ 9 መቀየሪያው በአንድ ቀጭ 4 ሚሊሜትር ያህል ይስባል። 4 በ1.1 ሲባዛ 4.4 ነው። ሁለቱም ድርጅቶች በየራሳቸው መንገድ እዚያው የጥርስ ርቀት ላይ ደርሰዋል።

አሁን ቀላቅሏቸው። የስራም ባለ 9 መቀየሪያ ከሺማኖ ካምቢዮ ጋር ሲሆን 4 በ1.7 ይባዛል፤ 6.8 ሚሊሜትር። ካቴናው አንድ ተኩል ጥርስ ይዘላል። በግልባጩ 2.5 በ1.1 ይባዛል፤ 2.75 ሚሊሜትር። ካቴናው የሚቀጥለው ጥርስ ጋ አይደርስም። ይህን የትኛውም ብሎን አያድነውም። ጠጋኙ ቀኑን ሙሉ ቢያጠብቅና ቢያላላ አንዱ ማርሽ ሲስተካከል ሌላው ይበላሻል። ብዙ ሰው «ዕቃው ፎርጅድ ነው» ብሎ የሚጥለው እንዲህ ያለውን ነው። ዕቃው ደኅና ነው፤ ጥንዱ ነው የተሳሳተው።

የአንድ ድርጅት ዕቃ ስለሆነም ይገጥማል ማለት አይደለም። የሺማኖ ባለ 10 የተራራ ካምቢዮ ማባዣው ከባለ 9ኙ ይለያል። ባለ 10 የተራራውና ባለ 10 የአስፋልቱም ለየብቻ ናቸው። በቅርቡ የወጣው «ኪዩስ» የሚባለው የሺማኖ ቤተሰብ ደግሞ ባለ 9ኙም ሆነ ባለ 11ዱ አንድ ዓይነት የጥርስ ርቀት ነው የሚጠቀመው። የኪዩስ ባለ 9 መቀየሪያ በድሮው ባለ 9 ጥርስ ላይ በትክክል አይሠራም። ድርጅቱ አንድ፣ ቁጥሩ አንድ፣ ልኩ ግን ሌላ።

ስሙ የጠፋ መቀየሪያ በማስመሪያ ሲለካ

ያገለገለ ዕቃ ላይ ጽሑፉ ተፍቆ ታገኙታላችሁ። ያኔ የተማሪ ማስመሪያ ይበቃል። ሽቦውን ከካምቢዮው አላቁና ጫፉን በእጃችሁ ወጥራችሁ ያዙት። መቀየሪያውን ሽቦው በጣም በላላበት ማርሽ ላይ አድርጉት። ሽቦው ከቱቦው በሚወጣበት ቦታ ላይ ትንሽ ፕላስተር ለጥፉና ከቱቦው አፍ ያለውን ርቀት ለኩ። ከዚያ እስከ መጨረሻው ቀጭ ቀጭ አድርጉ። ፕላስተሩ ወደ ቱቦው ሲጠጋ ታያላችሁ። እንዳይገባ መጀመሪያውኑ ራቅ አድርጋችሁ ለጥፉት።

በጠቅላላው ከ17 እስከ 21 ሚሊሜትር ከሄደ የተለመደው የሺማኖ ልክ ነው። ከ27 እስከ 32 ከሄደ የስራም አንድ ለአንድ ወይም የሺማኖ ባለ 10 የተራራ ነው። የቀጩን ብዛትም ቁጠሩ። 6 ጊዜ ቀጭ ካለ ባለ 7 ነው፣ 7 ጊዜ ካለ ባለ 8 ነው። ይህን በሱቁ ደጃፍ ላይ ማድረግ ይቻላል፤ ባለሱቁም አይከፋም።

አንደኛው አማራጭ፦ ሁሉንም ከአንድ ቤተሰብ

መቀየሪያው፣ ካምቢዮው፣ ጥርሱና ካቴናው ከአንድ ድርጅት አንድ ቤተሰብ ይገዛሉ። በልክ በኩል የሚወዳደረው የለም። ቀጭ ሲል ይገባል፣ አለቀ።

ችግሩ መገኘቱ ላይ ነው። ለባለ 7 እና ባለ 8 ሙሉውን ማግኘት ይቻላል፤ የሺማኖ ቱርኒና አልተስ ዓይነቶቹ ተራ ዕቃዎች ናቸው። ከባለ 10 በላይ ከሆነ ግን አንድ ዕቃ በጎደለ ቁጥር ስልክ መደወልና መጠበቅ ነው። ለእሽቅድምድም ለሚጋልብ ሰው ይህ ተገቢ ነው። ለትምህርት ቤትና ለገበያ ምልልስ ግን ከሚያስፈልገው በላይ ይመስለኛል።

ሁለተኛው፦ ጥንዱን ጠብቆ ሌላውን መቀላቀል

እኔ ለአብዛኛው ሰው የምመክረው ይህንን ነው። መቀየሪያውና ካምቢዮው ባልና ሚስት ናቸው፤ አትለያዩአቸው። የቀረውን፣ ካቴናውን፣ የኋላ ጥርሱን፣ የፊት ጥርሱንና ፔዳሉን ቁጥሩ እስከገጠመ ድረስ ከየትም ግዙ።

ለምን ይሠራል? ከኪዩስ በቀር በባለ 7፣ 8 እና 9 ላይ የጥርሶቹ ርቀት በሺማኖም፣ በስራምም፣ በታይዋኑ ሰንሬስም አንድ ነው። ካቴናውም እንደዚያው። የታይዋኑ ኬኤምሲ የሚታወቀው በካቴና ነው፤ ለሁሉም ይሆናል። ስለዚህ የሺማኖ ጥንድ፣ የሰንሬስ ጥርስና የኬኤምሲ ካቴና ያለው ብስክሌት ምንም የጎደለው አይደለም። ብዙ ፋብሪካ አዲሱን ብስክሌት ራሱ እንዲህ አቀላቅሎ ነው የሚሸጠው።

ካቴናው ላይ ግን ቁጥሩን አትሳቱ። የካቴና ጉንጉን ርዝመት በሁሉም ብስክሌት ላይ አንድ ነው፤ 12.7 ሚሊሜትር። የሚለየው ወርዱ ነው። የባለ 6፣ 7 እና 8 ካቴና አንድ ነው፣ የውጭ ወርዱ 7 ሚሊሜትር አለፍ ይላል። የባለ 9ኙ 6.6 ገደማ ነው። የባለ 10ሩ 6 አይሞላም። የባለ 8 ካቴና ባለ 9 ጥርስ ላይ ቢገባ አጠገቡ ያለውን ጥርስ እየፋቀ ይጮኻል። ተገላቢጦሹ፣ የባለ 9 ካቴና በባለ 8 ላይ፣ በአብዛኛው ይሄዳል። ግን ይወደዳል፣ ቶሎም ያልቃል። ምን ያደርጋል?

ሌላ ወጥመድ አለ። ማርሽ ለሌለው ለተራው ብስክሌት የሚሸጠው ካቴና በየሱቁ አለ፣ ርካሽም ነው። ውስጡ ሰፊ ነው፤ ባለማርሽ ላይ አይሆንም። ካምቢዮው ውስጥ በደንብ አያልፍም፤ ጥርሶቹም መካከል ይጣበባል። ከገዛችሁ በኋላ እንዳትጨቃጨቁ አሮጌውን ይዛችሁ ሂዱና ጎን ለጎን አስተያዩት።

የካቴናን ማለቅ በዚያው በ30 ሳንቲሜትር ማስመሪያ መለካት ይቻላል። ካቴናው ላይ ወፍራምና ቀጭን ጉንጉን ይፈራረቃል። ሁለቱን እንደ አንድ ጥንድ ቁጠሩና 10 ጥንድ ለኩ፤ ከፒን መሀል እስከ ፒን መሀል። አዲስ ካቴና 25.4 ሳንቲሜትር ነው። 25.6 ሲደርስ ቀይሩት። 25.65 ካለፈ ጥርሱንም በልቶታል ማለት ነው፤ አዲስ ካቴና ብቻ ብትገጥሙ በበሉት ጥርሶች ላይ እየዘለለ ያስቸግራል። በጊዜ የተቀየረ ካቴና የኋላ ጥርስ ግዢን ያስቀራል። በእኛ አቧራ ይህ ልኬት በየወሩ ቢደረግ አይበዛም።

ስለ ዘይትም እግረ መንገዴን ልናገር። የተቃጠለ የመኪና ዘይት አትቀቡ። ውስጡ የብረት ብናኝ አለበት፣ አቧራንም ይሰበስባል፤ ሞረድ ይሆናል። በነጭ ጋዝ አጥባችሁ፣ አድርቃችሁ፣ ቀጭን ዘይት ጠብ ጠብ አድርጉና ላዩን በጨርቅ ጥረጉት።

የኋላ ጥርስ፦ ፍሪዊል ነው ካሴት?

ሁለቱን ሳይለዩ መግዛት የተለመደ ስሕተት ነው። ፍሪዊል ሞዞው ላይ ባለ የብሎን ጥርስ እንደ ትልቅ ዳዶ የሚጠብቅ ነው። ካሴት ደግሞ ጉድጓድ ጉድጓድ ባለው አካል ላይ ተሰክቶ በቀለበት የሚታሰር ነው። ለመለየት ጎማውን አውጡና ጥርሶቹን ወደ ኋላ አሽከርክሩ። መፍቻ የሚገባበት የመሀል ክፍል አብሮ ከዞረ ካሴት ነው። ጥርሶቹ እየዞሩ እሱ ዝም ካለ ፍሪዊል ነው።

ፍሪዊል ለመቀላቀል ምቹ ነው። ዛሬ ገበያ ላይ ያለው ሁሉ ማለት ይቻላል አንድ ዓይነት የብሎን ጥርስ አለው። የቻይናው፣ የሰንሬሱ፣ የሺማኖው ይጠብቃሉ። የሰፈሩ ጠጋኝ መፍቻው ይኖረዋል። ድክመቱ ጭነት ላይ ነው። የቀኙ ኩሽኔታ ከፍሬሙ ራቅ ብሎ ስለሚቀመጥ ዘንጉ በጭነት ይጎብጣል፣ ይሰበራልም። ሰው ወይም ከባድ ዕቃ ለሚጭን ካሴት ይሻላል። ግን ፍሪዊልን በካሴት መተካት ሞዞውን መቀየር ነው። ያ ደግሞ ቸርኬውን ማስፈታት ነው። ዘንጉ አንዴ ከጎበጠ ወይም ቸርኬው ለሌላ ሥራ ከተፈታ በኋላ እንጂ ከዚያ በፊት ለዚህ ብር አታውጡ።

የካሴቱ አካል በሺማኖ፣ በስራምና በሰንሬስ ባለ 8፣ 9 እና 10 ላይ በአብዛኛው አንድ ነው። የጣሊያኑ ካምፓኞሎ የተለየ ነው። ባለ 7 ካሴት በባለ 8 አካል ላይ ሲገባ ከኋላው 4.5 ሚሊሜትር የሚሆን ቀለበት ይፈልጋል። ያለሱ ይንቀጫቀጫል።

ትልቅ ጥርስ ስትፈልጉ አንድ ሂሳብ አለ። የፊቱ ትልቁ ሲቀነስ ትንሹ፣ የኋላው ትልቁ ሲቀነስ ትንሹ፣ ሁለቱ ይደመራሉ። ፊት 42 እና 24፣ ኋላ 28 እና 14 ከሆነ 18 እና 14 ነው፤ 32። ኋላውን በ34 ስትተኩት 38 ይሆናል። ካምቢዮው ይህን ያህል ልቅ ካቴና መሰብሰብ መቻል አለበት። ክንዱ፣ ማለትም ሁለቱን ትናንሽ መዘውሮች የያዘው ክፍል፣ አጭር የሆነ የአስፋልት ካምቢዮ አይችልም። ካቴናው ካጠረ ደግሞ ትልቁን ከትልቁ ስታገናኙ ካምቢዮው ተቆርጦ ቸርኬው ውስጥ ይገባል።

ሦስተኛው፦ መቀየሪያና ካምቢዮን ማፋታት

አንዳንዴ ይሠራል። የታይዋኑ ማይክሮሺፍት ለሺማኖ ካምቢዮ እንዲሆኑ አድርጎ የሚሠራቸው ባለ 7፣ 8 እና 9 መቀየሪያዎች አሉ። ስራምም ኤምአርኤክስ የሚባለውን በእጅ የሚሽከረከር መቀየሪያ የሠራው ለሺማኖ ልክ ነው። ስም የሌላቸው ባለ 7 የቻይና መቀየሪያዎችም በብዛት የሺማኖን ልክ ነው የሚከተሉት። ማስመሪያው ይነግራችኋል።

«በግምት የሚገጥም» የሚባልም አለ። ባለ 8 መቀየሪያ በባለ 7 ጥርስ ላይ ስትጠቀሙ በእያንዳንዱ ቀጭ 0.2 ሚሊሜትር ይጎድላል። በ6 መሻገሪያ 1.2 ነው። የመሀሉን ማርሽ በትክክል ካስተካከላችሁ ዳርና ዳሩ ላይ 0.6 ብቻ ይዛነፋል። ያስኬዳል። ትርፏን ቀጭ የካምቢዮው መገደቢያ ብሎን ይይዛታል። ባለ 9 መቀየሪያ በባለ 8 ጥርስ ላይ ግን ዳሩ ላይ አንድ ሚሊሜትር ተኩል ያልፋል፤ አይሆንም።

ይህን አማራጭ የምመክረው ዕቃው በእጃችሁ ካለና በማስመሪያ ካረጋገጣችሁ ብቻ ነው። «ሊገጥም ይችላል» ተብሎ ለሚሸጥ ዕቃ አትክፈሉ።

አራተኛው፦ ቀጭ የማይል መቀየሪያ

ሺማኖ ዛሬ የለመድነውን ቀጭ የሚል አሠራር ዱራ ኤስ በሚባለው የዕቃ ቤተሰቡ ያወጣው እ.ኤ.አ. በ1984 ነው። ከዚያ በፊት ነጂው ማንሻውን በጣቱ እየገፋ፣ ካቴናው ሲገባ በጆሮው እየሰማ ነበር የሚቀይረው። ይህ ማንሻ አሁንም ይሠራል። ሰንሬስ ርካሹን ያመርታል።

ጥቅሙ ግልጽ ነው። ማባዣ የለ፣ ስበት የለ። የትኛውም ካምቢዮ ከየትኛውም ጥርስ ጋር ማለት ይቻላል ይሄዳል። ሽቦው ቢላላ፣ ካምቢዮው ትንሽ ቢጣመም፣ ጭቃ ቢገባ በጣት ይስተካከላል። ጣቱ እስኪለምድ ድረስ ግን ማርሹ ይንኳኳል። ባለ 7 እና ባለ 8 ላይ ቶሎ ይለመዳል። ጥርሱ ሲበዛና ሲጠብ ያደክማል። ሁለት ሦስት ሰው በሚፈራረቅበት የቤት ብስክሌት ላይም አልመክረውም፤ ያለመደው ሰው ካቴናውን ይጥለዋል።

እንደ ባሕር ዳር ላለ ሜዳ ከተማ ይህ አማራጭ ከሚሰጠው ግምት በላይ ጥሩ ነው። ከተማው ውስጥ ማርሽ የምንቀይረው ስንት ጊዜ ነው? ቤዛዊት ኮረብታ ካልወጣን በቀር ሁለት ሦስቱ ይበቁናል።

የፊቱን መቀየሪያ ጨርሶ መተውም ይቻላል። ፊት ላይ መሀለኛውን ጥርስ ብቻ መጠቀም ነው። የፊቱን ማርሽ ገፊ ግን አታውጡት፤ ሽቦውን ፍቱና በመገደቢያ ብሎኖቹ መሀለኛው ጥርስ ላይ አቁሙት። ካቴናው እንዳይወድቅ ይጠብቃል። ምንም ዕቃ አይገዛም።

ሁሉም የሚረሳው ቱቦ

አዲስ ካምቢዮ ገዝታችሁ አሁንም ካልገባ ሽቦው የሚያልፍበትን ቱቦ እዩ። በፒንሳ ቆርጣችሁ ጫፉን ተመልከቱ። ውስጡ እንደ ስፕሪንግ የተጠመጠመ ጠፍጣፋ ብረት ካለ የፍሬን ቱቦ ነው። ብዙ ቀጫጭን ሽቦዎች ዙሪያውን በቁመት ከተደረደሩ የማርሽ ነው። የፍሬኑ ሲሳብ ይጨመቃል፤ ያቺ 2.8 ሚሊሜትር ካምቢዮው ጋ ሳትደርስ ትቀራለች። በተቃራኒው የማርሽ ቱቦን ለፍሬን አትጠቀሙ፤ በኃይል ሲጨበጥ ሊፈነዳ ይችላል፣ ያ አደጋ ነው።

ወደ ካምቢዮው የሚገባው አጭሩ የመጨረሻ ቁራጭ ላይ ውሃና ጭቃ ይገባል። ክረምት ሲያልቅ እሱን ብቻ መቀየር ብዙ ጊዜ ሙሉውን ማርሽ «ያድሰዋል»።

በአጭሩ ለማየት

| አማራጭ | ልኩ | ባሕር ዳር መገኘቱ | አቧራና ዝናብ | ድምር ወጪ | ለማን |
|---|---|---|---|---|---|
| ሁሉም ከአንድ ቤተሰብ | በጣም ጥሩ | ባለ 7/8 ጥሩ፤ ባለ 10 እና ከዚያ በላይ ከባድ | ጥርሱ ሲበዛ ይደክማል | ከፍተኛ | ለእሽቅድምድም |
| ጥንዱ ተጠብቆ ሌላው ሲቀላቀል | በጣም ጥሩ | ጥሩ | ባለ 7/8 ጠንካራ | መካከለኛ | ለአብዛኛው ሰው |
| መቀየሪያና ካምቢዮ ሲፋቱ | ሲለካ ብቻ ይታወቃል | እንደ ዕድል | እንደ ዕቃው | ዝቅተኛ፣ ከተሳሳተ እጥፍ | ዕቃው በእጁ ላለ |
| ቀጭ የማይል ማንሻ | ከሁሉም ማለት ይቻላል ይገጥማል | መካከለኛ | በጣም ጠንካራ | ዝቅተኛ | ለጭነት፣ ለሜዳ |
| ፊት አንድ ጥርስ | አይመለከተውም | ዕቃ አይፈልግም | ጠንካራ | ምንም | ለከተማ ውስጥ |

እንደየፍላጎታችሁ

ተማሪ ከሆናችሁ፣ ብሩም ካጠረ፣ ያላችሁን ባለ 7 ጠብቁ። ካቴናውን በጊዜ ቀይሩ፣ ቱቦውንም አድሱ። ካምቢዮ ከተሰበረ ያው የተለመደ የሺማኖ ልክ የሆነ ባለ 7/8 ግዙ። ወደ ባለ 9 «ማሳደግ» አያስፈልጋችሁም። ሜዳ ላይ ምንም አይጨምርላችሁም፤ የኋላ ጥርሱንም፣ ካቴናውንም፣ መቀየሪያውንም ያስገዛችኋል።

ዕቃና ሰው የምትጭኑ ማንሻውን አስቡበት። ቸርኬ በሚሠራበት ጊዜ ደግሞ የካሴት ሞዞ አስገቡ። ከማርሹ በፊት ብሩ ወደዚያ ቢሄድ ይሻላል።

ቅዳሜና እሑድ ወደ ጢስ ዓባይ 30 ኪሎ ሜትር ገደማውን ወይም የዘጌን ኮረኮንች የምትሄዱ ባለ 8 በሁለተኛው አማራጭ ይስማማችኋል። ኋላ ላይ 32 ወይም 34 ጥርስ ያለው አድርጉት፤ ካምቢዮው ረጅም ክንድ ያለው መሆኑን በሂሳቡ አረጋግጡ። በእጅ የሚከፈት የካቴና ማያያዣ ኪሳችሁ ውስጥ ይኑር። መንገድ ላይ ካቴና ቢበጠስ እሱና ፒን መግፊያ ካላችሁ በእግር አትመለሱም።

ለስፖርት ባለ 10 ወይም ባለ 11 ያገለገለ የውጭ ብስክሌት የምትገዙ፣ ከመክፈላችሁ በፊት ካቴናውን ለኩ። ካለቀ ጥርሱም አልቋል፤ የሁለቱን ዋጋ ከሚጠየቀው ላይ ቀንሱና ተደራደሩ። መቀየሪያውና ካምቢዮው አንድ ቤተሰብ መሆናቸውን ቁጥራቸውን እያያችሁ አረጋግጡ። እዚህ ደረጃ ላይ በግምት የሚገጥም የለም።

ለማንኛችሁም፣ ዕቃ ከመግዛታችሁ በፊት ከብስክሌቱ ኋላ ቁሙና ካምቢዮው የተንጠለጠለበትን ጆሮ ተመልከቱ። ሁለቱ ትናንሽ መዘውሮች ከኋላ ጥርሱ ጋር ቀጥ ብለው መውረድ አለባቸው። ታችኛው ወደ ቸርኬው ካዘነበለ ጆሮው ጎብጧል። ብስክሌቱ በቀኝ ጎኑ ወድቆ ይሆናል። ጠጋኙ በጥንቃቄ ያቅናው፤ ከዚያ ማርሹን ሞክሩት። ከገባ ሱቅ መሄድ አያስፈልጋችሁም።